ያልታጠፈው ጠረጴዛ

«ካልሲዎቹን ከታች አድርጊያቸው፤ ቶሎ አልፈልጋቸውም» አሉ አያቷ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ። ግንባራቸው ላይ የተለጠፈው ፋሻ ጠርዙ ቆሽሿል።

ልጅቷ ካልሲዎቹን ከታች ከትታ ሻንጣውን መሙላት ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ አጎቷ በመኪና መጥቶ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይወስዳቸዋል። ክፍሉም መልሶ የእሷ ይሆናል። ሦስት ወር ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝታ ወገቧ አልቋል፤ ይህችን ቀን በጣቷ ስትቆጥር ነበር። አሁን ግን ደስታው የት እንደገባ እንጃ።

አያቷ ሲመጡ ክፍሉን ያሰናዳችው እሷ ነበረች። ሥዕል ነፍሷ ስለሆነ እናቷ «በይ መሐንዲሷ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው» አለቻት። እውነት ለመናገር አልሰነፈችም። ሲነሡ ጉልበታቸው እንዳይቸገር የአልጋውን እግሮች በእንጨት ከፍ አደረገች፤ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ ጠቀለለች፤ የራስጌ መብራቱን እጃቸው ሥር አስቀመጠች። ከአልጋው እስከ በሩ በከዘራ እንደ ልብ የሚያስኬድ መንገድ በካሬ ወረቀት ላይ ሣለች። ተጣጣፊው የጥናት ጠረጴዛዋ እዚያው እንዲቆይ እናቷ የፈቀደችው አጥንታ ስትጨርስ ልታጥፈው ቃል ስለገባች ነው።

ፈተና ሲደርስ ግን መጻሕፍቱን በየቀኑ ማንሣት ሰለቻት። «መሐንዲሷ፣ ይቺ ጠረጴዛ ብትታጠፍልኝ?» ብለው አያቷ ሁለቴ ለመኗት። ሁለቴም «እሺ አባባ» ብላ ረሳችው። ማክሰኞ ጠዋት ከዘራቸው በጠረጴዛው እግር ተጠለፈና በግንባራቸው ተደፉ። ጎረቤት ጠርታ አነሣቻቸው። ከዚያ እናቷ ከሥራ ሳትመለስ ጠረጴዛውን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

እናቷ ስትጠይቅ አያቷ «እግሬ ከዳኝ» አሉ። እናትና አጎት መከሩ፤ ብቻቸውን መዋል አይችሉም ተባለ።

«አባባ፣ ለምን አልነገሯትም?»

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን።»

«አንቺም ፈተና አለብሽ፣ ቤቱም ጠቧችኋል» አሉ አያቷ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሄድ መሐንዲስ የለም። ሙድ እየያዝኩብሽ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በእሷ የወጣት ቋንቋ ሲቀልዱ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን እፍረት አንገበገባት። ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች።

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን ታጥባለች። ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ፣ እግራቸው አልከዳቸውም። ጠረጴዛውን ተዘርግቶ ትቼው ነው። ያጠፍኩት ከወደቁ በኋላ ነው።»

እናቷ ውኃውን ዘጋች። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«አራት ቀን ሙሉ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ አባቴን መጦር አቃተኝ ብዬ አራት ቀን ሳለቅስ።» እጇን ጠርጋ ስልኳን ዘረጋችላት። «ለአጎትሽ አንቺው ንገሪው። ቦታውን ያገኘው ስንቱን ለምኖ ነው፤ አሁን ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር እኔ አላውቅም።»

ስልኩ ገና አንዴ ከመጥራቱ ተነሣ።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለ አጎቷ። «አባባን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዷቸው።»

«ጋሼ፣ መኪናውን አንዴ አቁመውና ስማኝ» አለች። «አባባን የጣልኳቸው እኔ ነኝ።»