ምንም ያልተጨመረበት ስላይድ

ማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ...

ዱሉት፣ ሚኒሶታ። የካቲት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። የማይክሮስኮፑ ክፍል መስኮት ስለሌለው ቀኑም ጨለማ ነው።

ኢርማ ኮስኪ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ለፍታ አንድ አንቲቦዲ ሠራች። የነርቭ ሴል ላይ ፖታሲየም የሚያልፍበት በር የሆነ ፕሮቲን አለ። አንቲቦዲው እሱን ብቻ ፈልጎ ይጣበቅበትና አረንጓዴ ያበራል።

ጥናቱ ሲታተም ግን ስሟ የለም። አለቃችን ዶክተር ሃልቨርሰን በራሱ ስም አወጣው።

አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። እንጀራዬ ነዋ!

ኢርማ መስከረም ላይ ሞተች። አንጎሏን ለምርምር ሰጥታ ነበር።

ከዚያ የየካቲት ጠዋት አንድ ቀን በፊት ዶክተሩ የአንጎል ናሙና ያለበት ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

"ቁጥር አሥራ አራት። ጥናቴ ለታጨበት ሽልማት የሚሆን ቆንጆ ፎቶ አንሺልኝ።"

"የኢርማ ነው አይደል?"

"ቁጥር ነው አልኩሽ እኮ።"

ከአንጎሉ ሁለት ስስ ቁራጭ ወስጄ በሁለት ስላይድ፣ በሁለት ትንንሽ መስታወት ላይ፣ አዘጋጀሁ። አንዱ ላይ አንቲቦዲውን ጨመርኩ። ሌላው ላይ ምንም... እሱ ጨለማ መሆን አለበት።

ጠዋት አየኋቸው።

አንቲቦዲ ያለበት... ድቅድቅ ጨለማ።

ምንም የሌለበት... አረንጓዴ።

ስላይዶቹ ላይ የጻፍኩትን ምልክት ደግሜ አየሁ። አልተሳሳትኩም።

ዶክተሩን ጠራሁት።

"ቁርስ ሳትበይ ነው የመጣሽው?" እያለ ገባ። አጎንብሶ አየ። ሳቁ ቆመ።

"ማን ነካው?" አለ በሹክሹክታ።

"እኔ ብቻ።"

"እንግዲያው... ምልክቱን ቀያይሪው።"

"የእሷን ስም በራስዎ እንደቀየሩት?"

ተናገርኩላት። ከሞተች ከአምስት ወር በኋላ... ምን ይረባታል?

ገላመጠኝ። አረንጓዴውን ስላይድ ነጥቆ ጨበጠና የማይክሮስኮፑን መብራት አጠፋ።

ክፍሉ ጨለመ።

ስላይዱ ግን... አልጨለመም።

"ካርላ... መብራት አብሪ።"

"ያስቀምጡት ዶክተር።"

"እምቢ አለኝ..."

"ምኑ?"

"እጄ።"

ጣቶቹ አልከፈት አሉት። በመሃላቸው አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል። ከዚያ የእጅ አንጓው ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ አንዲት ነጥብ በራች...

ቀጥሎ ክርኑ ላይ።

ቀጥሎ አንገቱ ላይ።

"ካርላ... እባክሽ..."

ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። አልተጫንኩትም።

ግራ ዓይኑ ከውስጥ በኩል ቀስ ብሎ አረንጓዴ ሆነ... ዞረና አየኝ።