እስክሪብቶው ሳይነካት

በራሴ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ...

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የሆስፒታል ክፍል። ፀሐይ የልጄን አልጋ አሙቃዋለች።

መኪና ከገጫት አምስተኛ ቀኗ ነው። የምትተነፍሰው በማሽን ነው።

እኔ ስልኳን ካላነሳች ሞታለች ብዬ የማለቅስ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን እንባ የለም... ምንም የለም።

"እናቴ፣ አንጎሏ ሞቷል፣" አለኝ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። "ማሽኑን እንድንነቅል ይፈርሙልን።"

ምንም እንደማይሰማት ሊያሳየኝ ጥፍሯን በእስክሪብቶው ጫን አደረገው።

ጣቷ ሸሸ።

"ይኸው!"

"እሷ አይደለችም። ከአከርካሪዋ የሚመጣ ነው። ምንም አታውቅም።"

እኔ ሥራዬ ጽዳት ነው፤ በረሮና ዝንብ የሚጠናበት የነፍሳት ምርምር ክፍል ነው የማጸዳው። ተመራማሪው አንድ ቀን ጭንቅላቱ የተቆረጠ በረሮ አሳይቶኛል። እግሩ ውሃ በነካ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ወለሉን ወልውዬ ስመለስ እግሩን አንስቶ ይዟል።

"በምን አወቀ? ጭንቅላት የለው!"

"እትዬ፣ ደረቱም ሆዱም ውስጥ ትንንሽ አንጎል አለው፤ እንደ ዶቃ የተሰካካ። ጭንቅላቱ እንደ አለቃችን ነው፤ ባይኖርም ሥራ አይቆምም፣" ብሎ ሳቀ።

"ሰውስ?"

"ሰው እንዲህ አይደለም።"

"እስቲ ድገመው ዶክተር፣" አልኩት ሐኪሙን።

ነካት። ጣቷ ሸሸ።

ሦስተኛው ላይ... እስክሪብቶው ሳይደርስ ጣቷ ሸሸ።

ዓይኗ እንደተከደነ ነው።

"ያጋጥማል፣" አለ። ድምፁ ግን ቀጠነ። "ቆይ... አለቃዬን ልጥራ።"

የምፈርመውን ወረቀትና እስክሪብቶውን አልጋው ላይ ትቶ ወጣ።

እስክሪብቶውን አነሳሁት፤ ዳግም እንዳይነካት።

ጆሮዋ ስር ሹክ አልኳት። "አልፈርምም፣ የኔ ልጅ። አይዞሽ።"

እጇ ተነሳ።

እጄን ያዘ... ቀዝቃዛ ነው።

ከነእስክሪብቶው ወደ ወረቀቱ ጎተተው። አልታገልኩም። ለምን እንዳልታገልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ለቀቀኝ። ቦታው ተመልሶ ተኛ።

ሐኪሙ ከአለቃው ጋር ገባ። ወረቀቱን አነሳ።

"ፈረሙ እንዴ? አይዞዎት፣ እናቴ።"

ወረቀቱን ከእጁ ወስጄ አየሁት።

ፊርማው የእኔ አይደለም...

የልጄ ነው። ከስሩ የምትስባት ጠማማ መስመር እንኳ አልቀረችም።