የአራት ሰዓት ልዩነት

ወይዘሮ ዲንቄ በጥር ብርድ፣ ጎባ በሚገኘው ቤታቸው፣ በሦስት ብርድ ልብስ እንደተጠቀለሉ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው አብጦ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ሲወጣ፣ ሐኪሙ ዕድሜ ልካቸውን በየጠዋቱ የሚውጡት ክኒን አዞላቸዋል። የአስከሬን ምርመራው ግን መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፣ የገደላቸውም የእሱ እጦት ነው አለ።

ኢንስፔክተር ሸዋርጋ መጀመሪያ ያነጋገረችው አብራቸው የምትኖረውን የወንድማቸውን ልጅ፣ ቢሊሱማን ነው።

«ክኒኑን የምትሰጫቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ሸዋርጋ የቀሩትን ክኒኖች ከማዘዣው ጋር አመሳከረች። ልጅቷ አልዋሸችም።

«ሌላ የሚወስዱት ነገር ነበር?»

«ካልሲየም፣ ለአጥንታቸው። ድሮ ማታ ነበር የሚወስዱት። በመስከረም ግን ጋሼ ባዳሳ ‹ለምን ሁለቴ ታደክሚያታለሽ? ጠዋት አንድ ላይ ስጫት› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ብርድ አልለቃቸው አለ። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ድምፃቸው ጎረነነ። ጋሼ ‹ስንፍና ነው› ይሉ ነበር።»

የሟች ባል አቶ ባዳሳ ትከሻቸውን ሰበቁ። «እኔ ገብስ አምራች ነኝ፤ ስለ ክኒን ምን አውቃለሁ?»

ሮቤ ያለው ፋርማሲስት ፀጋዬ ግን ያስታውሳቸዋል።

«በመስከረም ለእግራቸው ቁስል መድኃኒት ወሰዱ። ‹ከወተትና ከካልሲየም ጋር እንዳይወስዱት፤ ካልሲየሙ አንጀት ውስጥ ያስረዋል፣ ወደ ደም አይገባም› አልኳቸው። ‹የሚስቴን የእንቅርት ክኒንም ያስረዋል?› ብለው ጠየቁኝ። ‹አዎ፣ ቢያንስ የአራት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንዳልዋጡት ነው› አልኩ። አመስግነው ሄዱ።»

በማግስቱ ሸዋርጋ ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበች። ከዲንሾ የመጣው ልጃቸው ሂካ ጭምር ነበር።

«ሂካ ከአባቱ ተጣልቶ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት አልገባም። ቢሊሱማ የታዘዘችውን ፈጸመች። ሁለቱ ክኒኖች አብረው እንደማይዋጡ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቢሊሱማ፣ ጋሼ ቁስላቸውን ሲታከሙ ወተት ይጠጡ ነበር?»

«አስር ቀን አልነኩም!» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«የራስዎን መድኃኒት ጠበቁ» አለች ሸዋርጋ ወደ ባዳሳ ዞራ፤ «የእሳቸውን ግን ሆን ብለው ከንቱ አደረጉት።»

ባዳሳ አልካዱም። «ሠላሳ ዓመት አፏ ተዘግቶ አያውቅም። እየበረዳት ሲሄድ ዝም አለች። አራት ወር ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።»

«ተነሳ» አለችው ሸዋርጋ፤ አንቱታው ቀርቶ ነበር።

ቢሊሱማ መዳፏን እያየች፣ «ክኒኑን ከእጄ ሲቀበሉ በየጠዋቱ ‹ተባረኪ› ይሉኝ ነበር» አለች።

ባዳሳ ሳቀ።