የማይተነፍስ አፍንጫ

ጋሬት ያንን ነገር ከመኪናው ላይ ለምን አይነቅለውም?

ኦፓል ከእህቷ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስታገላብጥ ሰነበተች። ሳህን እያጠበች ታስበዋለች። ጋራዡ በር ላይ ቆማ ታስበዋለች።

ነገሩ የላስቲክ አፍንጫ ነው። በሞተሩ ክዳን በኮፈኑ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ለሞተሩ አየር የሚስብ ይመስላል፤ ኋላው ግን ድፍን ነው። ክሮም የተቀባ ቆሻሻ። የልጅ ልጇ ጋሬት እንዲህ ያለ ዕቃ ባየ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። "ለመኪና የተገጠመ አርቴፊሻል ጥርስ" ይለዋል። የእሱ የአርባ ዘጠኝ ሞዴል ፎርድ ልሙጥ ነው። የበሩ እጀታ እንኳ ተነቅሎ ቦታው ተደፍኗል። ጥቁር ቀዩን ቀለም ሲቀባ፣ ሲያሽ፣ እንደገና ሲቀባ በጋው አልቆበታል።

አሁን እዚያ ኮፈን ላይ አፍንጫ በቅሎበታል። የማደያው ልጆች "ጋሬት፣ መኪናህን ጉንፋን ያዘው እንዴ?" እያሉ ሲስቁበት መልስ አልሰጠም። አፉ የማያርፈው ጋሬት!

ይህ ሁሉ ደግሞ የሆነው ሰው በሞተበት ሳምንት ነው።

እሁድ ጠዋት የኤልዊን አስክሬን በመስኖ ቦዩ ዳር ተገኘ። ብስክሌቱ ደረቱ ላይ ተጣጥፎ ነበር። ኤልዊን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ የከተማቸው የኦይልዴል ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ከእጁ ሲቀበል የኖረ። በዚያ ጉም፣ እጅ ዘርግተው ጣትዎን በማያዩበት ጉም፣ አንድ መኪና ገጭቶት ሄዷል። አጠገቡ ያለው የለውዝ እርሻ ጠባቂ መኪናውን አላየም። የሰማው ድምፁን ነው። ወፍራም፣ የሚያጉረመርም፣ የድሮ ሞተር።

በዚያ ሰፈር እንዲህ የሚያጉረመርሙት መኪኖች ሁለት ናቸው። አንዱ የጋሬት ነው። ሌላው የጎረቤታቸው የሎኒ።

ሎኒ ደግሞ የጋሬት ተቃራኒ ነው። ያየውን ሁሉ ገዝቶ መኪናው ላይ ይለጥፋል። መብራቶቹ የላስቲክ ሽፋሽፍት አላቸው። ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ መስኮት የሚመስሉ፣ ምንም የማያሳዩ የክሮም ቀለበቶች ተደርድረዋል። ከእነዚያ ቀለበቶች አንዱ ከኤልዊን አስክሬን አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተገኘ።

ማክሰኞ ፖሊሶች ሎኒን ወሰዱት።

ሳጅን ማሪሶል ኢባራ የጋሬትንም መኪና አይታዋለች። ኦፓል ያን ቀን ገና ከተራራው አልወረደችም ነበር፤ ጉሙ አውራ ጎዳናውን ዘግቶባት እህቷ ቤት ተይዛ ቀርታለች። ሳጅኗ መብራቶቹን አይታ፣ ወፍራሙን የብረት መከላከያ ዳብሳ ሄደች አሉ። ይኸው ነው።

ይኸው ከሆነ ኦፓል ጋራዡ በር ላይ ለምን ትመላለሳለች?

ጉሙ እንደሆነ አልተነሳም። ቤቱን ከአራቱም በኩል ይዞታል። ከመሬት ነዳጅ የሚቀዱት ፓምፖች ሲያቃስቱ ይሰማሉ እንጂ አይታዩም። ሳሎን ውስጥ ባሏ ቨርነን ሬዲዮውን ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ዓይኑ ከከዳው ወዲህ ሥራው ይኸው ነው። ያንን ፎርድ ከቁርጥራጭ ብረት የሠራው እሱ ነበር። መንዳት ሲከለከል ለጋሬት ሰጠው። ቁልፉንም ያኔውኑ ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው አንስቶ አያውቅም።

ጋሬትም ዝም ብሏል። በኩባንያው መኪና ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ባቄላውን በማንኪያ ያማስላል፣ ሳይበላ ይነሳል። እናቱ ጥላው ከሄደች ጀምሮ ያሳደገችው ኦፓል ናት። ሲዋሽ ታውቀዋለች። ሲፈራም ታውቀዋለች።

ሐሙስ ዕለት የሎኒ ሚስት ዳርሊን የተዋሰችውን መጥበሻ ልትመልስ በጋራዡ በኩል ገባች። ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ ኦፓል፣ አላመኑትም። 'መኪናዬ እንደ ዶሮ ላባዋን ታራግፋለች፣ መንገዱን ሁሉ ፈልጉ፣ ሌላም ታገኛላችሁ' ብሎ ለመናቸው። ማን ይስማው!"

"አይዞሽ የኔ ልጅ።"

"ልቡ እኮ ደካማ ነው። በዚህ ብርድ እዚያ..." ቃሏን አልጨረሰችም። ዓይኗ መኪናው ላይ አረፈ። አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ በእንባዋ መሐል ሳቀች። "ውይ በሞትኩት! የሎኒን ስጦታ አሰረው? 'የተራቆተች መኪናህን ላልብስልህ' ብሎ ለልደቱ የሰጠውን? ይሄ ልጅ እኮ 'ይሄን ከምሰቅል እኔን ስቀሉኝ' ብሎት ነበር!"

ኦፓል ልትስቅ ሞከረች። ከንፈሯ እምቢ አላት።

"ነገ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ እነግረዋለሁ። ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው።"

"ተይው ዳርሊን። አሁን ይሄ ምን ያደርግለታል?"

"እንዴ! ከታሰረ ወዲህ ጥርሱ አልታየም እኮ።"

ምን ብላ ትከልክላት? ሴትየዋ ባሏን ልታስቅ ነው የምትሄደው። ዳርሊን ዓይኗን እየጠረገች ጉሙ ውስጥ ገባች። ኦፓል እጇ ላይ ከቀረው መጥበሻ ጋር ብቻዋን ቆመች።

በማግስቱ ጋሬት ሥራ ሳለ ኦፓል መፍቻ ይዛ ጋራዡ ገባች።

ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች። አፍንጫውን አነሳች።

ከሥሩ ኮፈኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን። ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ብረቱ ይታያል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የደረቀ ነገር አለ፤ ዝገት ነው ልትል ፈለገች። አላስቻላትም።

"እማማ።"

ጋሬት ከሥራ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል። የሥራ ቱታውን አላወለቀም።

"ምንድነው ይሄ፣ ጋሬት?"

"መልሰሽ እሰሪው።"

"ምንድነው ያልኩህ!"

"እኔ ነኝ። እሁድ ጠዋት። አላየሁትም። በቃ፣ አሁን አውቀሻል። መፍቻውን ስጪኝ።"

"ሎኒ ታስሮ?"

"ይለቁታል። ማስረጃ የላቸውም።"

"ባይለቁትስ?"

"እማማ፣ እባክሽ!"

መፍቻውን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ ዘርግታለች። በዚያው ቅጽበት የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ጉሙ ውስጥ የሰው ጥላ ታየ። ጥላው ቀስ እያለ ሳጅን ኢባራን ሆነ።

"ይቅርታ ወይዘሮ ኦፓል፣ በሩ ክፍት ነበር።"

አፍንጫው ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ኮፈኑ ተጋልጧል። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ዛሬ ጠዋት ዳርሊን ለባሏ አንድ የሚያስቅ ነገር ነገረችው" አለች። "አልሳቀም። 'ሳጅኗን ጥሩልኝ' አለ። 'ያ ልጅ ያንን አፍንጫ በጤናው አያስርም፤ ሥሩን እዩት' አለኝ።"

"እኔ ነኝ" አለ ጋሬት። "እኔ ገጨሁት። ሎኒን ልቀቁት።"

"መቼ?"

"እሁድ ጠዋት።"

"እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?"

"እየነዳሁ ነበርኳ!"

"አልነበርክም። የቀረ ሠራተኛ ተክተህ ሳይነጋ በኩባንያው መኪና ወደ ነዳጅ ጉድጓዶቹ ሄደሃል። አለቃህም የሥራ ጓደኞችህም ነግረውኛል። ያን ቀን መኪናህን ላይ ላዩን አይቼ የሄድኩት ለዚህ ነው። ስህተቴ ነው።"

ኦፓል ወደ ጋሬት ዞረች። "ሥራ ነበርክ? እሁድ እኮ እረፍትህ ነው።"

"እማማ፣ አንቺ ዝም በይ።"

"አፍንጫውን ማን አሰረው?" አለች ሳጅኗ።

"እኔ።"

"ለክተህ?"

"አዎ፣ ለክቼ። በሜትር።"

ሳጅኗ አፍንጫውን አንስታ ቡሎኖቹ በነበሩበት ቀዳዳዎች ላይ አስቀመጠችው። ልክ ገጠመ። ገጥሞም ወደ ግራ ተንጋደደ። መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ወደ ጥግ ያያል።

"ሎኒ እንዳለኝ አንተ የአንዲት ጸጉር ያህል መጣመም እንቅልፍ የሚነሳህ ሰው ነህ።"



ኦፓል ቀዳዳዎቹን አየች። ብዙ ነበሩ። መሰርሰሪያው የመጀመሪያውን ስቶ፣ ሁለተኛውን ስቶ፣ ቀለሙን እየቧጨረ የዞረበት ምልክት ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ታውቃለች። ባለፈው ዓመት "አትንኩኝ፣ እኔ እሰቅለዋለሁ" ተብሎ በግድ የተሰቀለው የወጥ ቤት መደርደሪያ ዙሪያው እንዲህ ነው። ስኒዎቹ ዛሬም ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታሉ። መሐሉን የማያይ፣ ዳር ዳሩን ብቻ የሚያይ ዓይን የሰቀለው መደርደሪያ።

የመኪናውን ጠርዝ ያዘች።

"ወደ ውስጥ እንግባ" አለች ሳጅኗ፣ ክንዷን ይዛ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ከሳሎን የሬዲዮው ድምፅ ይመጣል። ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። ጉሙ ነገም አይነሳም።

"ወይዘሮ ኦፓል፣ እሁድ ጠዋት እርስዎ አልነበሩም። ጋሬት አልነበረም። እቤት ማን ነበር?"

ጋሬት አያቱን አያት። እንዲህ አድርጎ ያያት ትንሽ ልጅ ሳለ ነው፤ ውሻው ታሞ ሐኪሙ የመጨረሻውን መርፌ ሲያዘጋጅ። አትናገሪ ይላል ዓይኑ።

ብትናገር ባሏን ሰጠች። ዝም ብትል ልጇን። ልጇን ብቻ አይደለም፤ ሎኒንም፣ ዳርሊንንም። ከየትኛው በኩል ትውጣ? አፏን ከፈተች።

"ተያት!" ጋሬት ጠረጴዛውን መታ። "እሷን ተያት። ምንም አታውቅም።"

"እንግዲያው አንተ ንገረኝ።"

ጋሬት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ድምፁ ከጣቶቹ መሐል ወጣ።

"ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር። ግን ያንን መኪና ሽቦ በሽቦ ያያያዘው አባባ ነው። ያለ ቁልፍ ያስነሳዋል። 'በጉም ቀን ሁሉም ሰው እንደኔ ዕውር ነው' ይል ነበር። ሲቀልድ መስሎኝ አብሬው እስቃለሁ። የሞተሩን ድምፅ ሊሰማ ነው የወጣው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንድ ዙር። እኛ እኮ ነን ቁልፉን የወሰድንበት። እንደ ሕፃን።"

"ከዚያስ?"

"ከሥራ ስመለስ መሰርሰሪያውን ታቅፎ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጧል። 'አሳመርኩልህ' አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ተናድጄ ልነቅለው ፈታሁት። ሥሩን አየሁ። መልሼ አሰርኩት።"

"ሰው መሆኑን ያውቃል? ውሻ መስሎት ይሆን?" አለች ሳጅኗ።

ጋሬት እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ።

"የአባባን ጓንት ምድጃው ውስጥ አገኘሁት። ሊያቃጥለው ሞክሮ ግማሹ ቀርቷል። ደም አለበት።"

"እንግዲያው ከመኪናው ወርዷል" አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ። "በእጁ ዳብሶታል።"

"ፈራ። ሁሌም የሚፈራው አንድ ነገር ነው። የሽማግሌዎች ቤት አስገብታችሁ ትረሱኛላችሁ ይላል። ሁሌ። ሲታወቅ እንደሚወስዱት ገብቶታል። የመጣለት ነገር መሸፈን ነው። እኔም..." ቀና አለ። "እኔም ሌላ አልመጣልኝም። ሎኒ እኮ ወንድሜ ማለት ነው። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። ከዚያ ገብቼ አባባ ሬዲዮው ፊት አንገቱን ደፍቶ ሳየው..."

"ቀለበቱስ?" አለች ኦፓል። የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። "የሎኒ ቀለበት እዚያ ምን ይሠራል?"

"ሎኒ እውነቱን ነው" አለች ሳጅኗ። "ትናንት መንገዱን አስፈተሽኩት። እንደዚያ ዓይነት ሌላም፣ አንድ ሽፋሽፍትም አገኘን። መኪናው በየሄደበት ሲያራግፍ ነው የኖረው። ዛሬ ይፈታል።"

ኦፓል መደሰት ነበረባት። ለዳርሊን ስልክ ልትደውል ነበር የሚገባት። ግን ከወንበሯ መነሳት አልቻለችም። ይህን ሁሉ ቀን ለልጇ ስትጨነቅ፣ ለልጇ ስትጸልይ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ሾርባ ያቀረበችለትን፣ ብርድ ልብስ ያለበሰችውን ሰው አንዴም አልጠረጠረችም። አጠገቡ ተኝታለች። ሌሊቱን ዓይኑን ከፍቶ ሲያድር የጉልበቱ ሕመም መስሏት ቅባት አሽታዋለች።

ያኔ ነው ሬዲዮው ጸጥ ያለው።

ሦስቱም ወደ ሳሎኑ በር ዞሩ።

ወለሉ ተንቋቋ። ቨርነን ወጣ። እሁድ የሚያደርገውን ባርኔጣ አድርጓል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሁሉንም ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። በግድግዳው ላይ መዳፉን እያስኬደ መጣ።

"አባባ፣ ተቀመጥ" አለ ጋሬት። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "ተቀመጥ፣ ጠበቃ እስክንጠራ ምንም እንዳትል!"

ቨርነን አጠገቡ ሲደርስ ቆመ። በእጁ የጋሬትን ትከሻ ፈልጎ አገኘው። ጨመቅ አደረገው። ወደ ወንበሩ መልሶ አስቀመጠው።

"ቨርነን፣ ውጭ ይበርዳል" አለች ኦፓል። ምን እንደምትል አታውቅም። "ሹራብህን... ደረጃው እርጥብ ነው... ቨርነን፣ ቆይ እንጂ፣ ክንድህን ልያዝህ!"

ፊቱን ወደ ድምጿ አዞረ። እሷን ለማየት አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። እንዲያ ሆኖ ጥቂት ቆየ።

ከዚያ የበሩን እጀታ በጣቶቹ ፈልጎ ያዘ። ጉሙ እስከ ደፉ ድረስ መጥቶ ነበር። የሳጅኗ መኪና በየት በኩል እንደቆመ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።