የአስተዳዳሪው የገዋኔ ምሳ

ኮቱ የተገኘው ሰመራ ነው። ሰመራ ያን ጊዜ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ከተማ አልነበረችም፤ ዙሪያዋን ጥቁር ድንጋይ የከበባት፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ያሉባት የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነበረች። መቶ አለቃ ከማሉዲን ከጂፑ ሲወርድ ወላፈኑ ፊቱን ገረፈው። ከመንገዱ ዳር፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚያስኬደው አቅጣጫ፣ ካኪ ኮት፣ ሰፊ ቆብ፣ ጥቁር መነጽርና የቆዳ ቦርሳ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«የወልደ ኢየሱስ ነው፤» አለ የፓርቲው ተወካይ ጓድ አምባዬ፣ ቀድሞት ደርሶ በጥላ ቆሞ ነበር። «የአዋሹ አስተዳዳሪያችን ከዳ። ልብሱን ጣለ፣ ሽርጥ ታጠቀ፣ ተሻገረ። ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?»

ደሴ ተቀምጦ ከማሉዲንን የሚያዘው ሻለቃም ሲልከው የተናገረው ይህንኑ ነበር፦ «አረጋግጠህ ና አልኩህ እንጂ መርምረህ ና አላልኩህም።» ዕድሜውን በፖሊስነት የጨረሰ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰማ የሚሰማውን ምሬት ከማሉዲን ከምራቁ ጋር ዋጠና ቦርሳውን ከፈተ። አንድ ሸሚዝ አለ። ከሸሚዙ ሥር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አገኘ። ቋጠሮው አልተፈታም።

«ጓድ፣ ሰውየው ዓይናቸውን ያማቸው ነበር አይደል?»

«ፀሐይ አይችልም። መነጽሩ ከዓይኑ አይለይም ነበር።»

«እና ይህን በረሃ በእግራቸው ሊያቋርጡ ሲነሱ መነጽሩን፣ ቆቡንና ስንቁን ጣሉ?»

አምባዬ ፈገግ አለ። «ያሻገረው ሰው አብልቶት ይሆናላ! የነጋዴው የሰላሀዲን መኪናዎች በዚህ መስመር አይደል የሚመላለሱት? ለዚህ ነው ያሳሰርኩት። ሱቁን ወልደ ኢየሱስ ስላሸገበት የተጣሉ ይመስሉ ነበር፤ ለካ ለሽፋን ኖሯል። በዚያ ሰሞን ወባ ጥሎኝ ባልተኛ ኖሮ ቀድሜ እነቃበት ነበር።»

ከማሉዲን የሰላሀዲንን ነገር ያውቃል። ከሃዲ አሻግረሃል የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚጠብቀው ሕፃን እንኳ አይስተውም። ቋጠሮውን በኪሱ ከተተና ወደ አዋሽ ተመለሰ።

አስተዳዳሪውን ይዞ የወጣው ሾፌር ሣህሌ ነበር። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው።

«ከአዋሽ በጠዋት ወጣን። ገዋኔ ስንደርስ ኡምሰልማ ሆቴል ምሳ በሉ። ከዚያ 'መኪናው ሞተሩ እየጋለ አስቸገረን፣ አንተ ተመለስ' ብለውኝ ወደ አሰብ በሚወርድ ከባድ መኪና ተሳፈሩ።»

«የማን መኪና?»

«ልብ አላልኩም፣ ጌታዬ።»

«መንገድ ላይ ሌላ የጫንከው ሰው ነበር?»

ሣህሌ ላቡን ጠረገ። «ማንም አልነበረም።»

ከማሉዲን ከዚያ ወደ አስተዳዳሪው ቤት ሄደ። ወይዘሮ ስንቅነሽ ደጃፏ ላይ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ርቋታል፤ ቀበሌው ቤቱን ልቀቂ ብሏታል። ጨርቁን ሲያሳያት ተቀብላ ቋጠሮውን ዳሰሰች።

«የእኔ ቋጠሮ ነው። ለጾሙ ብዬ በዘይት የሠራሁት ዳቦ ቆሎ ነው። የት አገኘኸው?»

«ሰመራ። ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ ባለቤትዎ ገዋኔ ላይ ምሳ በልተዋል ይባላል።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «ምሳ? ወልዴ? በፍልሰታ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው'ኮ! ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላም ከዚህች ቋጠሮ ሌላ አይነካም።»

«ሰመራ ምን ሊሠሩ ነበር የሚሄዱት?»

ግቢዋን ዞር ብላ ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሥልጣናት ካምፑ ያርፋሉ ተብሎ ነበር። ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወንዝ የወረዱ አፋሮች የመንግሥት እርሻው አጥር ላይ ተረሽነዋል። 'ተኩሱ ያለውን ሰው ስም እነግራቸዋለሁ' አለኝ። እኔ 'አርፈህ ተቀመጥ' ብዬ ለመንኩት።»

«ማን ነው ተኩሱ ያለው?»

«እሱን ለእኔም አልነገረኝም። 'ካወቅሽ አንቺንም ይበሉሻል' አለኝ።»

በማግስቱ ከማሉዲን ብቻውን ገዋኔ ወረደ። የሆቴሉ ባለቤት ኡምሰልማ የወሎ ወረባቦ ሰው ናት፤ የአሰብ መንገድ ሾፌር ሁሉ ደንበኛዋ ነው። የአገሯን ልጅ በአነጋገሩ ለይታ ሻይ አቀረበችለት።

«ወላሂ ሰውየውን አላውቀውም ነበር፤» አለች። «ሾፌሩ 'አስተዳዳሪያችን ናቸው፣ አቶ ወልደ ኢየሱስ ይባላሉ' ብሎ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ተናገረ። ሰውየው ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የፍየል ጥብስ አዘዘ።»

ከማሉዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጥብስ?»

«እኔም ገርሞኝ! ስሙ የክርስቲያን ነው። የሰው ሃይማኖት ላስፈርስ? 'የኔ ወንድም፣ እርዱ የእስላም ነው፣ ሽሮ ላድርግልህ' አልኩት። ሳቀብኝ። 'ፍየል ሃይማኖት የላትም፣ አምጪው' አለኝ። እንደዚያ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ድምጹ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።»

«እስላም ይሆን?»

«ቢስሚላህ ሳይል የጀመረ፣ አልሐምዱሊላህ ሳይል የተነሳ ምን እስላም ይባላል!»

«ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ማን ጠይቆኝ?»

«እንግዲህ ማንም እንዳይሰማው፣ እቴ። አደራ።»

ከማሉዲን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። የመጨረሻው ቃል የሚሰጠው አስተዳዳሪው በታየበት በገዋኔ እንዲሆንና ጓድ አምባዬም ፓርቲውን ወክሎ እንዲገኝ ጠየቀ። አምባዬ ደስ አለው፤ መዝገቡ በፊቱ ሲዘጋ ማየት ፈልጓል። በቀን ስንቱን መንገደኛ የምታስተናግድ ሴት ያለ ቆብና ያለ መነጽር ታስታውሰኛለች ብሎም አልሰጋም።

በቀጠሮው ቀን ሰላሀዲን ከነካቴናው መጣ፤ ሣህሌም መጣ። አንድ አሥር አለቃና ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ከማሉዲን «ከሥራው በፊት ምሳ እንብላ፤» ብሎ ለሁሉም ጥብስ አዘዘ። የሰላሀዲን ካቴና ተፈታለት።

ኡምሰልማ እንደ ልማዷ ሳህኑን ከማውረዷ በፊት ቆመች። «እርዱ የእስላም ነው። ክርስቲያን የሆነ ሽሮ አለ።»

ሣህሌ እጁን ሰበሰበ። «ለእኔ ሽሮ።»

ሰላሀዲን የሰለለ እጁን ዘርግቶ «ቢስሚላህ» አለ።

አምባዬ በሁለቱም ሳቀ። «አሁንም ከዚህ አልወጣችሁም? ፍየል ሃይማኖት የላትም፤ አምጪው!»

ሳህኑ ከኡምሰልማ እጅ አመለጠ። ጥብሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሷ ግን ሳህኑን አላየችም፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ አምባዬን ታያለች። «ያ ረቢ... እሱ ነው። ድምጹ እሱው ነው!»

«ምኑ ነው እኔ?» አለ አምባዬ፣ አንገቱን አቅንቶ።

ከማሉዲን ከመቀመጫው አልተነሳም። ድምጹንም ከፍ አላደረገም።

«ነገሩን ከዳቦ ቆሎው ልጀምር። ሰመራ የተገኘው ስንቅ አልተፈታም። በረሃ ሊገባ የተነሳ ሰው ስንቁን አይጥልም፤ ዓይኑን የሚያመው ሰው መነጽሩን አይጥልም። ስለዚህ ልብሱ የተቀመጠው እንዲገኝ ነው። ማን አስቀመጠው? እዚህ ምሳ የበላው ሰው ነው። ያ ሰው ወልደ ኢየሱስ ሊሆን አይችልም፤ በፍልሰታ፣ በቀትር፣ የእስላም እርድ የሚበላ ወልደ ኢየሱስ የለም። ኮቱን፣ ቆቡንና መነጽሩን ያጠለቀ ሌላ ሰው ነው። እዚህ የገባውም አስተዳዳሪው ገዋኔ ድረስ በሕይወት ነበር እንዲባል ነው። ሣህሌ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው ለዚሁ ነው።»

«ሰላሀዲንስ? እሱ ጥብስ አይበላም?» አለ አምባዬ።

«ይበላል። ግን ቢስሚላህ ብሎ ነው፤ አሁን በዓይናችን አየን። ሣህሌም ማተቡን አክብሮ እምቢ አለ። ከዚህ መሃል የሁለቱንም ሃይማኖት የሚንቅ፣ ያን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ነው ያለው። በዚያ ሰሞን 'ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ነበር' ብለሃል። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ግን ክኒን የጠየቀውም፣ የጠራውም ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ወደ ሰመራ በከባድ መኪና ወርደህ፣ ልብሱን አራግፈህ፣ በሌላ መኪና ተመልሰሃል። እርሻው አጥር ላይ ተኩሱ ያልከው አንተ ነህ፤ ወልደ ኢየሱስም ስምህን ሊጠራ ነበር የሚሄደው።»

«በአንድ ሳህን ጥብስ ልትሰቅለኝ ነው?»

ያን ጊዜ ሣህሌ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ።

«ወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ነው... ጓድ አምባዬን ጭነን ከከተማው እንደወጣን 'አቁም፣ አንድ ነገር ላሳያቸው' አለኝ። አብረው ወረዱ። ብቻውን ተመለሰ፤ ኮታቸውን በክንዱ ይዞ። 'ብትናገር ልጅህ ነገውኑ ጦር ሜዳ ነው' አለኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ መቶ አለቃ! አንድ!»

ከማሉዲን ወደ በሩ ዞረ። «አሥር አለቃ፣ ጓድ አምባዬን ያዘው።»

አሥር አለቃው አንዴ ከማሉዲንን፣ አንዴ አምባዬን አየ። ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም።

«አሥር አለቃ!»

«ጌታዬ... ከበላይ ትእዛዝ ያስፈልገኛል።»

አምባዬ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጁን ታጠበ። «ሬሳው የታለ፣ መቶ አለቃ? አዋሽ በነሐሴ ሙላቱ የወሰደውን ከአዞ ሆድ ታመጣለህ?» ብሎ ወጣ። የጂፑ ሞተር ሲነሳ ከማሉዲን ጡጫውን ጨብጦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከዚያ የበለጠ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም።

ትእዛዙ በሬዲዮ ደረሰ። አስተዳዳሪው ብቻውን ወደ ጅቡቲ ከድቷል፤ መዝገቡ ተዘግቷል፤ መቶ አለቃው ወደ ጋምቤላ ተዛውሯል፤ ስለ ጉዳዩ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል። «ብቻውን» የምትለው ቃል ሰላሀዲንን አስፈታችው። ሣህሌን ግን የወታደር መኪና መጥቶ ወሰደው፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከማሉዲን ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪና ተራው ሲሄድ እግሩ ወደ ስንቅነሽ ደጅ አዞረው። ትእዛዙን እንደሚጥስ ያውቃል። ቆቡን አወለቀ።

«ወይዘሮ ስንቅነሽ፣ ባለቤትዎ አልከዱም። በወጡበት ጠዋት እዚሁ አዋሽ ላይ ሞተዋል። የገደላቸውን አውቀዋለሁ፤ ላስረው ግን አልቻልኩም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በአላህ ስም።»

ስንቅነሽ አልጮኸችም። ጓዳ ገብታ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ ጸጉሯን ፈታች። ከዚያ ግቢዋን አልፋ፣ ዋናው መንገድ መሃል ቆመችና ባሏን በስሙ ጠርታ ሙሾ አወረደች። ለከሃዲ ልቅሶ በተከለከለበት ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ።

መጀመሪያ ጥቂት መስኮቶች ተዘጉ። ቀጥሎ የሰላሀዲን ሚስት ሀጂራ ባዶ እግሯን መጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰላሀዲን ከኋላዋ ነበር። ከዚያ የባቡር ጣቢያው ሰዎች፣ መምህራኑ፣ ባለ ሻይ ቤቶቹ ወጡ። ከወንዙ በኩል አፋሮች በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡና ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሟቹ ለማን ሊመሰክር እንደነበር የነገራቸው አልነበረም፣ እነሱ ግን ያውቁ ነበር። ዕድርተኛው ሳይጠራ ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ።

ከማሉዲን የሚሳፈርበት መኪና ክላክሱን አሰማ። አልሄደም፤ ሻንጣውን አስቀምጦ ከወንዶቹ መሃል ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ የአምባዬ ጂፕ ከላይ መጣ። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። የአምባዬን ስም ማንም አልጠራም፣ ማንም ድንጋይ አላነሳም፤ መንገዱን ለመልቀቅ የተነሳም ሰው አልነበረም። ጂፑ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ተመለሰ።