የመስገጃው ጥግ

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። ማመን ያቃተው ይተወው፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ቦታው ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም... ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ጸደንያ እባላለሁ። ከደሴ መጥቼ እዚህ የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ከናይማ ጋር ነበር። ናይማ የዚሁ ከተማ ልጅ ብትሆንም ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ባሏ ማህዲ የበርበራ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው።

ናይማ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ሐኪሟ ይሄኛው እንዲቆይ ከፈለግሽ ዕረፍትና ጸጥታ ያስፈልግሻል ብሏታል። መኝታ ቤቷ ግን መንገድ ዳር ነው፤ ቀን ባጃጅ፣ ማታ ጄኔሬተር። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ጎድጉዶ ሳያት አንጀቴን በላችኝ።

ከጓሮ በኩል ዕቃ የምናጭቅበት ክፍል ነበረን። እሱን የዕረፍት ክፍል ላደርግላት ተነሳሁ።

በባዶ ኪስ ነው ታዲያ። መጋረጃውን ከአሮጌ ድሪያ ቀሚሶቿ ሰፋሁት። ትራሶቹን ልብስ ሰፊ ለምኜ ባገኘሁት ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞላኋቸው። አልጋው ዕቃ መጫኛ እንጨት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ ነው። ግድግዳውን ከፀጉር ቤታችን በተረፈ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ኮርኒሱ ላይ ስደርስ ቀለሙ አለቀብኝ።

እናቷ እማማ ኻዲጃ ደግሞ ለክፍሉ አረንጓዴ መስገጃ ሰጧት።

ናይማ ሰግዳ ስትነሳ ሁልጊዜ የመስገጃውን ጥግ አጠፍ ታደርገዋለች። እኔ ደግሞ የተዛነፈ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ባገኘሁት ቁጥር አቃናዋለሁ።

“ጸዲ፣ ተይው” አለችኝ አንድ ቀን። “እንደተዘረጋ ከተተወ ሌላ ይሰግድበታል።”

“ይስገድ። ጸሎት ማንን ጎዳ?” ብዬ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ ያየሁት እርጥበቱን ነው። ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ርሶ ነበር። ናይማ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሐኪም ቤት ነበረች። ውሃ ደፍቼ ይሆናል አልኩ...

ከዚያ አቅጣጫው ተለወጠ። ወደ ስግደቱ አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ ያነጠፍነውን መስገጃ በትንሹ ዞሮ አገኘሁት። መለስኩት። በማግስቱም ዞሯል።

ወደ አልጋው...

ለናይማ አልነገርኳትም። እንቅልፍ ሊወስዳት ጀምሯል፤ ፊቷም ወዝ አውጥቷል። ያንን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ያ ቀን መጣ። ናይማ እናቷ ዘንድ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ሄዳ ነበር። እኔ ደግሞ ትንሽ ቀለም አግኝቼ ስለነበር ሳትመጣ ኮርኒሱን ልጨርስላት አልኩ። የቀለም ሮለሩን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ ቀባሁት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ትራሶቹን ደረደርኩ፣ መስገጃውን ከነጥጉ ጥሩ አድርጌ ዘረጋሁት። ቤቱን ቆልፌ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። በዚያ ሰዓት ሀርጌሳ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

የናይማ ጫማ በር ላይ ነበር። በጊዜ ተመልሳለች።

የጓሮው ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

“ናይማ?”

“እሽሽ...”

አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኗ ፈጧል። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ይዛዋለች። ወደ እኔ አላየችም።

“ምን ሆንሽ?” አልኩ በሹክሹክታ።

“እየሰገደ ነው።”

“ማን?”

“አላውቅም... ትንፋሹ ይሰማኛል።”

መስገጃውን አየሁት። ማንም የለበትም።

ግን ነጭ ነገር ነክቶታል። ሁለት መዳፍ። ሁለት ጉልበት። ግንባር በሚያርፍበት ደግሞ አንድ ክብ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት።

እርጥብ ቀለም ነው።

የግድግዳው ከደረቀ ሰንብቷል። በቤቱ ውስጥ ያልደረቀ ቀለም ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው...

ቀና አልኩ።

ኮርኒሱ ላይ ቀለሙ ተገሽልጧል። መዳፍ፣ ጉልበት፣ ግንባር። እንደገና መዳፍ፣ ጉልበት፣ ግንባር። ከመስገጃው በላይ ይጀምርና እየተነሳ፣ እየሰገደ ወደ አልጋው ይሄዳል። የመጨረሻው ከናይማ ሆድ ትክክል በላይ ነው።

እንደምንም ጎንበስ ብዬ የመስገጃውን ጥግ አጠፍኩት።

ናይማ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። “ቢስሚላህ... ቢስሚላህ...” እያለች ተነሳች። ነጠላዋን እንደተከናነበች ደግፌ አወጣኋት። ታክሲ ይዘን እናቷ ቤት ደረስን።

እማማ ኻዲጃ ልጃቸውን አስቀምጠው ነጠላውን ከላይዋ አነሱላት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

የናይማ ድሪያ ላይ፣ ሆዷ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጭ መዳፍ ነበር። በመካከላቸው ክብ የግንባር ምልክት... ገና አልደረቀም።

ልጁ ወሩን ጠብቆ በሰላም ተወለደ። ጤነኛ ነው። ማህዲ በጆሮው አዛን ሲያሰማው እኔ ጥግ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ። ያንን ቤት ለቀን ሁላችንም አሁን መሐመድ ሞጌ፣ እማማ ኻዲጃ ጋር ነን።

ማታ ልጁ ሲተኛ እማማ ኻዲጃ ይመጣሉ። የተነጠፈለትን ብርድ ልብስ ጥግ አጠፍ ያደርጉታል። እኔም ሁለቴ ሦስቴ እየተነሳሁ መታጠፉን አያለሁ። ነክቼው አላውቅም።

ጠዋት ግን... ተዘርግቶ ነው የምናገኘው።