አርባ ጭረት ያለው ቀንድ

በሰርማ ግንብ ላይ የተሰቀለው የነሐስ ደወል ገመድ የለውም። ሰው በማይገባው ሞት ሲሞት በራሱ ይጮኻል እንጂ ማንም አይደውለውም። አርባ ዓመት ዝም ብሎ የኖረው ይህ ደወል፣ ቅሎቹ በተሰበሩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ።

ቅሎቹ የተሰበሩት በንጉሥ አርሞን አዋጅ ነበር። ጽላሎ የሚባለው ዛፍ ነጭ ወተት አለው፤ ጭንቀትን ያበርዳል፣ ሕመምን ያስተኛል። ሐኪሞች ለቁስለኛ ይሰጡት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን ያልቆሰለውም በቅል እየቀዳ ይጠጣው ጀመር። ዘበኞች በር ላይ ቆመው አንቀላፉ፤ እናቶች የልጃቸው ለቅሶ አልሰማ አላቸው። ስለዚህ ንጉሡ በከተማው ያለውን ወተት ሁሉ አቃጠሉ፤ ጠጪዎቹንም በአገሩ ልማድ አስማሉ። በሰርማ አንድን ነገር የሚተው ሰው ዕቃውን በአንድ ምት ሰብሮ «ሰበርኩት፣ አልመለስም» ይላል። ሁለት ጊዜ የመታ ይሳቅበታል። የተመለሰ ደግሞ ድልድዩን ተሻግሮ ይሰደዳል።

ኬዳር የተባለው ጦረኛ ከሩቅ ምሽግ ዘግይቶ ስለደረሰ፣ ቅሉን የሰበረው ደወሉ በጮኸበት ዕለት ነበር። እሱን ወተት ያስጀመረው የጎኑ ቁስል ነው፤ ቁስሉ ከዳነ አራት ዓመት ሆኖታል። በአንድ ምት ሰበረው። ታናሽ እህቱ ናርዳ አጠገቡ ቆማ ታይ ነበር። ዘጠኙ ሟቾች ቅላቸውን ከሰበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ ሁሉም ሰውነታቸው እየተንፈራገጠ፣ ዓይናቸው ተገልብጦ ሞቱ። ሕዝቡ «መርዙ ሲወጣ ነው» አለ። ናርዳ ግን ቀን ቆጠረች። ለወንድሟ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

ወደ ኮርቻ ሰፊው ጎርፉ ሄደች። ሽማግሌው አሥራ አንድ ዓመት ጠጥተው፣ ከተዉ ሰባት ዓመታቸው ነው። ቅላቸውን ግን ሰብረው አያውቁም፤ ሰፈሩ «ያልሰበረው» እያለ ይስቅባቸዋል።

«አባባ ጎርፉ፣ እርስዎ እንዴት ተረፉ?»

«ቀስ ብዬ» አሉ መርፌያቸውን ሳያስቀምጡ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ይሰድቡኛል እንጂ አንድ ሰው ይህን አልጠየቀኝም።»

«ዘጠኙን የገደላቸው ምንድን ነው? ወንድሜም ዛሬ ሰበረ።»

«በር ተደግፈሽ ስትቆሚ ከወዲያ የሚገፋሽ ሰው ካለ አንቺም ትገፊያለሽ አይደል? ወተቱ ሰውነትን ወደ እንቅልፍ ይገፋል፤ ሰውነት ላለመተኛት መልሶ ይገፋል። ዓመታት እንዲህ ተገፋፉ። ድንገት በሩን ብትከፍቺው በግንባርሽ ትደፊያለሽ። የገደላቸው መተዋቸው አይደለም፤ በአንድ ቀን መተዋቸው ነው።»

ከግድግዳው ላይ አንድ የበሬ ቀንድ አወረዱ። ከአፉ እስከ ጫፉ አርባ ጭረት ተጭሮበታል።

«በየቀኑ በዚህ ታጠጪዋለሽ፤ በየአምስት ቀኑ አንድ ጭረት ዝቅ ታደርጊያለሽ። መድኃኒቱ ይኸው ነው። ግን ለመቀነስም ወተቱ ያስፈልጋል፤ ንጉሡ ደግሞ ጠብታ አላስቀሩም።»

ናርዳ ቀንዱን በሁለት እጇ ያዘች። «በሰማይና በዚህ ቀንድ እምላለሁ! ከጽላሎ ሸለቆ ወተቱን አመጣለሁ፤ ሕግ ብተላለፍም በንጉሡ ፊት አልደብቅም!»

«መሐላሽን አሳጥሪው፤ በቅሎዋ ካኮረፈች አትንቀሳቀስም» አሉ ጎርፉ፤ ተነሥተውም ኮርቻ ጫኑ።

ቀንና ግማሽ ያለ ዕረፍት ጋልበው ሸለቆው አፋፍ ደረሱ። ጣፋጭ ሽታ ከታች ሲመጣ የሽማግሌው ከንፈር ደረቀ።

«ልጄ፣ እጄን ከኮርቻው ጋር እሰሪው።»

«ሰባት ዓመት ሆነዎት እኮ!»

«ሰባት ዓመት የቆየሁት ያቅተኛል ብዬ ስለማምን ነው። አጥብቂው፤ ብለምንሽም አትፍቺኝ።»

አሰረቻቸውና ብቻዋን ወረደች። ከዛፎቹ መካከል ሰንኮር የሚባለው አውሬ ተጋድሟል፤ ርዝመቱ የከተማ ቅጥር የሚያህል፣ ቅርፊቱ እንደ አመድ የነጣ እንሽላሊት ነው። ሲተነፍስ ሣሩ ይተኛል።

«ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ እንቅልፍ ፈልጎ ነው» አለ ሰንኮር። «እኔም የምበላው እንቅልፍ ነው። የማንን ትሰጪኛለሽ?»

«የእኔን።»

«ሸለብ ማለቱን እተውልሻለሁ። ጥልቁ እንቅልፍ ግን እስክትሞቺ የእኔ ነው። ያዳንሽው ሰው እንኳ የማያመሰግንሽ ቀን ይመጣል።»

«ምስጋና ፍለጋ አልመጣሁም። ውሰደው!»

ሰንኮር በግንባሯ ላይ ተነፈሰ። ናርዳ ከዓይኖቿ ኋላ አንድ ለስላሳ ነገር ሲነቀል ተሰማት። ሁለት አቁማዳ ወተት ሞልታ ወጣች። ጎርፉን ገመዱ የእጃቸውን አንጓ ልጦት ሲያለቅሱ አገኘቻቸው። እስከ ከተማው ድረስ አልፈታቻቸውም።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ከበሩ ደረሱ። ንጉሡ መሄዳቸውን ሰምተው ከጦረኞቻቸው ጋር ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ያቃጠልኩትን መርዝ መልሰሽ አመጣሽብኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ንጉሥ ሆይ፤ አልደበቅሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ደወሉ የሚጮኸው ለማይገባ ሞት ነው። ዘጠኙ በጥፋታቸው ሞተው ቢሆን ኖሮ ለምን ጮኸ?»

ንጉሡ ቀና ብለው ደወሉን አዩ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲያስቡ ነበር፤ የሚናገረው ሰው አጥተው እንጂ።

«ዛሬ አሥረኛ ጊዜ ከጮኸ አንቺም ሽማግሌውም ድልድዩን ትሻገራላችሁ። ሂጂ» አሉ።

ኬዳር መሬት ላይ እየተንፈራገጠ ነበር። ጎረቤቶች ጥርሱን በማንኪያ ሊያላቅቁ ይታገላሉ። «ተዉት!» ብለው ጮኹ ጎርፉ። «አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ! በጎኑ አዙሩት፣ ራሱ ሥር ጨርቅ አድርጉ።» መንፈራገጡ እስኪቆም፣ ነቅቶ ስሟን እስኪጠራ ናርዳ ጠበቀች። ከዚያ ቀንዱን እስከ ላይኛው ጭረት ሞልታ በዝግታ አጠጣችው። ደወሉ በዚያ ቀን አልጮኸም። በማግስቱ በየቤቱ የሚንቀጠቀጡ ሠላሳ ሰዎች የየራሳቸውን የበሬ ቀንድ ይዘው ጎርፉ ደጅ ተሰለፉ።

ቀጥሎ የመጣው ረጅም ሥራ ነበር። በየአምስት ቀኑ አንድ ጭረት። ኬዳር ይቆጣል፣ ያልበዋል፣ ይለምናል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይህን ያህል ነው» ትላለች ናርዳ።

«ስስታም! የወንድምሽን ጠብታ ትቆጥሪያለሽ?»

«እቆጥራለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።»

በአራተኛው ወር፣ በመከር በዓል፣ ኬዳር ከአቁማዳው ሰርቆ ሦስት ቀንድ ጠጣ፤ በላዩም ጠጅ ጨመረበት። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። እንቅልፍ የሌላት ናርዳ ብቻ ትንፋሹ ሲራራቅ ሰማች፤ አንዱ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ አሥር ትቆጥራለች። ጮኻ ሰው ቀሰቀሰች። እስኪመሽ በጎኑ ይዘው ስሙን እየጠሩ፣ እያናወጡ አተረፉት።

ንጉሡ ሰሙና መጡ። «ተመለሰ። ሕጉ ድልድዩን ያሻግረዋል።»

ናርዳ በበሩ ላይ ቆመች። «ንጉሥ ሆይ፣ ቁስሉ ያመረቀዘ ጦረኛ ይሰደዳል ወይስ ቁስሉ እንደገና ይታጠባል?»

ንጉሡ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ኬዳርን አዩት። «እንደገና ይታጠባል» አሉ። በዚያ ሳምንት የመሰደድ ሕጉ ተሻረ። አቁማዳው ግን ወደ ጎርፉ ጎረቤት ቤት ተዛወረ፤ ቁልፉን ናርዳ ያዘች። ኬዳርም ከነበረበት ጭረት እንደገና ጀመረ።

የመጨረሻው ጭረት ባለቀ ቀን ሰዎች ቀንዱን እንዲሰብር መዶሻ አመጡለት። ኬዳር መዶሻውን መለሰና ቀንዱን አጥቦ ለጎርፉ ሰጣቸው። «ነገ የሚፈልገው ሰው ይኖራል» አለ።

ከዚያ እህቱን ፍለጋ ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሆኖ ሠላሳ ትመስላለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«እንዲሁ እየቆጠርሁ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ትንፋሽህን እቆጥር ነበርና። ለምጄው።»

አጠገቧ ተቀመጠና ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«አልተኛም እኮ፣ ጋሼ። እንቅልፌን ሰጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ። አትተኚ፤ ዓይንሽን ብቻ ጨፍኚ። ዛሬ እኔ እቆጥራለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ኬዳርም «አንድ» ብሎ ጀመረ።